በእግዚአብሔር ጊዜ ስለ መታመንና ስለ መታገሥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ጅማ ውስጥ በምንሰበሰብበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ከዓመት ዓመት የሚመለሱ ናቸው። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ፤ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ትጠይቃለች፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ይጠይቃሉ፣ ለታመመ ወገኑ የሚጸልይ ሰው ይጠይቃል። ከሁሉም ሥር ያለው ግን አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ሰምቶኛል ወይ? ከሰማኝስ ለምን ይዘገያል? እኔም ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ስጠይቅ ስለ ኖርኩ መልሶቹን የምጽፈው ከጠያቂዎቹ ጎን ተቀምጬ ነው።

በእግዚአብሔር ጊዜ መታመን ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ በሰማይ አንድ የቀን መቁጠሪያ እንዳለ፣ የእኛም ጉዳይ ከገጾቹ በአንዱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ የኛ ድርሻም ቀኑ እስኪደርስ መቁጠር ብቻ እንደሆነ አድርገን እናስባለን። የአብርሃም ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100 ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ 25 ዓመታት እግዚአብሔር ደጋግሞ ተናግሮታል፤ ልጁ የሚወለድበትን ጊዜ ለይቶ የነገረው ግን በ99 ዓመቱ፣ ማለትም መወለጃው አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን 24 ዓመታት አብርሃም የኖረው «እኔ ለአንተ ጋሻህ ነኝ» ያለውን ይዞ ነው። የተሰጠው የሰጪው ማንነት ነበር። ስለዚህ በእግዚአብሔር ጊዜ መታመን ማለት ቀኑን ሳያውቁ በባለ ቀኑ ላይ መደገፍ ማለት ነው።

«ትዕግሥት» የምንለው ቃልም በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ አንዱ ቃል በሰው ላይ ቶሎ አለመቆጣትን፣ ሌላው ደግሞ ከሸክም ሥር ሆኖ ሳይሸሹ መጽናትን ያመለክታል። በሁለተኛው ደክሞ በመጀመሪያው የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከእግዚአብሔር የሚጠብቀው ነገር ሲዘገይበት ንዴቱን በሚስቱና በልጆቹ ላይ ያወርዳል። እኛ ጅማ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ቃሉን በብዙ አንደበት እንሰማዋለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ሶብር አድርጉ» ይሉናል፣ በአፋን ኦሮሞ «ኦብሲ» ይባላል፤ የታገሠ የጊደር ወተት ይጠጣል የሚለውንም የኦሮሞ ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጊደር ገና ያልወለደች ላም ናት። ወተቷን የሚጠጣው ሣር እያጨደላት፣ ውኃ እያጠጣት፣ ከጅብ እየጠበቃት እስክትወልድ ያቆያት ሰው ነው፤ ይህም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። እግዚአብሔርን መጠበቅ ማለት ቤት መቀመጥ ነው?

አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ገበሬን ነው፤ ገበሬው «የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ እስኪቀበል ድረስ» የምድርን ፍሬ ይጠብቃል ይላል። ይህን ቃል ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ የቡና መሬት የመጣ ሰው ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይችላል። ቡና ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪያሳይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ አበባው ከረገፈ በኋላም ፍሬው እስኪቀላ በርካታ ወራት ያስፈልጉታል። በነዚህ ዓመታት ባለ ቡናው አልጋው ላይ አይተኛም። ችግኙን በመደብ ላይ ጥላ ሰርቶ ያሳድጋል፣ ክረምቱ ሲገባ ያዛውራል፣ ያርማል፣ የጥላውን ዛፍ ይመለምላል። ዝናቡን ግን አያዘንበውም፤ ፍሬውንም ጎትቶ አያቀላውም። የራሱን ድርሻና የእግዚአብሔርን ድርሻ ለይቶ ያውቃል፣ በራሱ ድርሻ ላይም አይለግምም።

ነህምያም እንዲሁ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ በንጉሡ ፊት ቀርቦ የተናገረው በኒሳን ወር ነው። በመካከል አራት ወር ያህል ጾሞና ጸልዮ ጠበቀ። ነገር ግን ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ነህምያ መልስ አላጣም፤ ለስንት ጊዜ እንደሚሄድ፣ ለየትኞቹ ገዥዎች ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው፣ እንጨቱን ከማን እንደሚቀበል አስቦ ጨርሶ ነበር። ቅጥሩ በ52 ቀን ተሠርቶ ያለቀው ያ የአራት ወር መጠበቅ ባዶ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሥራ የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች ማመልከቻ ማስገባታችሁን አታቁሙ፣ ከተማራችሁበት ዘርፍ ውጭ ያለውንም ሥራ አትናቁ፣ የጎረቤት ልጆችን ማስጠናትም ሆነ በአጎት ሱቅ ማገዝ ሥራ ነው። ዳዊት ለንግሥና ከተቀባ በኋላ ወደ በጎቹ ተመልሷል፤ ሳኦል መልእክተኛ ልኮ ባስጠራው ጊዜ የተገኘው እዚያው በጎች ዘንድ ነው።

ለዓመታት ጸልዬ መልስ አላገኘሁም። ኃጢአቴ ይሆን?

ራስን መመርመር መልካም ነው፤ መዝሙረኛውም በልቡ በደልን አይቶ ቢሆን ጌታ እንደማይሰማው ተናግሯል። የሚያውቁት በደል ካለ ንስሐ ይግቡበት፤ የቀማነው ካለ መመለስ፣ ያስቀየምነው ካለ መታረቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመረመሩ በኋላ ያላገኙትን ኃጢአት በግድ አይፈልጉ። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይወልዱ አርጅተው ነበር፤ ሉቃስ መካንነታቸውን ከመናገሩ በፊት ግን ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ ይመሰክራል። ይህን ያስቀደመው አንባቢው የተሳሳተ ፍርድ እንዳይፈርድባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መዘግየት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያዝን ቆይቶ መልአኩ ሲመጣ ቃሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ተሰማለት ነገረው፤ የዘገየው መልሱ እንጂ መሰማቱ አልነበረም። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሸጦ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። የጠጅ አሳላፊው አለቃ ረስቶት ሁለት ዓመት በወኅኒ ቤት ቢያድርም፣ ቀድሞ ተለቅቆ ወደ አባቱ አገር ቢመለስ ኖሮ ፈርዖን ሕልም ባለመ ሌሊት ማን ይፈታለት እንደነበር ማሰብ ይቻላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ይህ ቃል «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ሳንሸሽ መናገር አለብን፤ ከእምቢታው ጋር ግን እግዚአብሔር ራሱ አብሮ መጥቶለታል።

እኛ በቤታችን ለታናሽ ወንድሜ ጸልየናል። ኩላሊቱን ታሞ አራት ዓመት ቆየ፤ በእነዚያ አራት ዓመታት ከላይ የቆጠርኳቸውን መዘግየቶች ሁሉ እያነሳሁ የእኛ ከየትኛው ይሆን እያልኩ ሌሊት ሌሊት አስብ ነበር። ሰው በመከራው መካከል ሆኖ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ልመናውን ሳያቋርጥ መለመን ግን ይችላል፤ ጌታም በሉቃስ 18 የመበለቲቱን ምሳሌ የነገረን ሳንታክት ዘወትር እንድንጸልይ ነው።

«እስከ መቼ?» ብሎ ማልቀስ አለማመን ነው?

አይደለም፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ቃል የተጻፈው በመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ነው። በጉባኤ እንዲዜም የተሰጠንን ጸሎት በቤታችን ማልቀስ ነውር ሊሆን አይችልም። ሐና በሴሎ በልቧ ስትናገር ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እግዚአብሔር ግን አልገሠጻትም።

ልቅሶንና ማጉረምረምን የሚለያቸው ወዴት ዞረን እንደምንናገር ነው። እስራኤል ሙሴ ከተራራው መውረድ ሲዘገይባቸው ወደ እግዚአብሔር አልጮኹም፤ ወደ አሮን ዞረው «አማልክት ሥራልን» አሉ። ሙሴ በተራራው ላይ የቆየው 40 ቀን ነው፤ ጥጃው የተሠራው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ወደ እግዚአብሔር ዞረው የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ድምፅዎ ቢጎረንንም እንኳ፣ በእምነት ውስጥ ነዎት።

ልጅ አልወለድንም፤ ዘመድ በየበዓሉ ይጠይቀናል። ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፤ ባልም ሚስትም መመርመር አለባቸው። ብዙ ቤት ውስጥ ሴቲቱ ብቻዋን ጠበልም ሐኪም ቤትም ስትንከራተት ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ፤ ይህ በደል ነው። ሕክምና መፈለግ እግዚአብሔርን አለመጠበቅ አይደለም።

ለዘመድ የሚሰጠውን መልስ ደግሞ ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተስማሙበት። የባል እናት ሲጠይቁ ባል ራሱ ቢመልስ መልካም ነው፤ «እማዬ፣ እየጸለይንበት ነው፣ አንቺም ጸልዪልን፣ ዳግመኛ ግን እሷን አትጠይቂያት» ማለት አክብሮትን አያጎድልም። ለጠያቂዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። በቡና ላይ ተሰብስበን «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለን የምንጥላት ቃል ለእኛ ጨዋታ ናት፤ ለሰሚዋ ግን የሳምንት ልቅሶ ልትሆን ትችላለች።

አንድ አገልጋይ «በሦስት ወር ውስጥ ይሆንልሃል» ብሎ ቀን ቆርጦ ተነበየልኝ። ልጠብቀው?

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ምክንያት የተሰበሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ስላየሁ።

በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ውስጥ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የተማረከው ዕቃና የተማረኩት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ከባቢሎን ይመለሳሉ ብሎ ተናገረ። ቃሉ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ኤርምያስ እንኳ «አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሏል። ነገር ግን ሐሰት ነበር። እግዚአብሔር ያለው 70 ዓመት ነው። በዚያው ዘመን ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፣ ሚስት አግቡ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። የሐናንያን ቃል የተቀበለ ሰው ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ለሁለት ዓመት ማን ቤት ይሠራል? ሐሰተኛ ቀን የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል፤ ቀኑ ሳይደርስ በፊት ገና ዛሬን ይነጥቃል።

በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ወንድሜ በታመመ በሦስተኛው ዓመት አንድ አገልጋይ ቤታችን መጥቶ ከፋሲካ በፊት ፈጽሞ እንደሚድን ተናገረ፤ መድኃኒት መዋጡም የእምነት ማነስ ምልክት እንደሆነ ጨመረበት። ወንድሜ መድኃኒቱን ለአምስት ሳምንት አቋረጠ። እኛም ዝም አልን፤ ዝም ያልነው ብንቃወም የፈውሱ እንቅፋት እንሆናለን ብለን ፈርተን ነው። ፋሲካን ያሳለፍነው ሐኪም ቤት ነው። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ከሁሉ የከበደው ወንድሜ «እምነቴ ስላነሰ ነው» ብሎ ራሱን መክሰሱ ነበር፤ ያንን ሸክም ከላዩ ለማውረድ ከሕመሙ እኩል ታገልን።

ከዚህ በመነሳት የምመክረው ይህን ነው። ቀን የተቆረጠለት ትንቢት ሲነገርዎ ለብቻዎ አይያዙት፤ ለመጋቢዎ ወይም ለጎለመሱ አማኞች ይንገሩ። በቃሉ ምክንያት መድኃኒት አያቋርጡ፣ ሥራ አይልቀቁ፣ ቤት አይሽጡ፣ አይበደሩ። ገንዘብ ከተጠየቁበት ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ዘዳግም 18 ነቢዩ የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር ያልተናገረው ቃል እንደሆነ፣ ሕዝቡም እንዳይፈራው ይናገራል፤ ስለዚህ ቀኑ ሲያልፍ ጥፋቱን በእርስዎ እምነት ላይ የሚጥል ሰው መጽሐፉን ገልብጦ እያነበበ ነው። እውነተኛ ቃል ከእግዚአብሔር ቢሆን ደግሞ መድኃኒት ስለዋጡ አይሰናከልም።

ቸኩዬ ተሳስቻለሁ። አሁን የእግዚአብሔር ጊዜ አልፎኝ ይሆን?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያፈሰሱትን መልቀም የሚያሳፍርና የሚያደክም ነው፣ ነገር ግን ይለቀማል። ሦራ መጠበቅ ቢሰለቻት አጋርን ለአብርሃም ሰጠችው፤ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በቤቱ ጠብና ስደት መጣ፤ ያም ሆኖ የይስሐቅ ተስፋ አልተሻረም። እግዚአብሔርም በምድረ በዳ አጋርን ፈልጎ አገኛት፣ የልጇንም ጩኸት ሰማ። በችኮላችን የተጎዱትን ሰዎች እግዚአብሔር ይፈልጋቸዋል፤ እኛም ልንፈልጋቸው፣ ይቅርታ ልንጠይቃቸው፣ ኃላፊነታችንንም ልንወጣ ይገባናል። ቸኩሎ ትዳር የመሠረተ ሰው መፍትሔው ያንን ትዳር ማፍረስ አይደለም፤ እዚያው ውስጥ ሆኖ ዛሬ መታገሥን መጀመር ነው።

እኩዮቼ ሁሉ ቀድመውኛል።

በቡና ለቀማ ጊዜ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ አብሮ አይቀላም። ጎበዝ ለቃሚ ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን ይተወዋል፣ ከሳምንታት በኋላም ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። ጴጥሮስ ስለ ሌላው ደቀ መዝሙር ሲጠይቅ ጌታ «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» አለው።

ሰው ሲበድለኝም ዝም ብዬ መታገሥ አለብኝ?

ትዕግሥት በደልን መሸፈን አይደለም። ጳውሎስ ፍርድ ሲጣመምበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በቤቷ የምትደበደብ እኅትን «ታገሽ፣ እግዚአብሔር በጊዜው ይሠራል» ብሎ ወደ ዱላው መመለስ ኃጢአት ነው። ከአደጋ ትውጣ፣ ሽማግሌም ሕግም ይድረስላት፤ ልቧ ከቂም እንዲነጻ የሚሆነው ጸሎት ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የሚጠብቅን ሰው እንዴት ልርዳው?

ባለ ቡና ፍሬው ሳይቀላ አረንጓዴውን ገፎ የሚሸጠው ወይም እርጥቡን ቡና በጆንያ የሚከተው ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ብድር ስለሚያስጨንቀው ነው። የሚጠብቅ ሰውም እንዲሁ ነው። ችኮላ የሚመስለን ነገር ረኃብ ሊሆን ይችላል፤ ያዕቆብም የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። «ታገሥ» ከማለታችን በፊት ጤፉን፣ የትራንስፖርቱን ገንዘብ፣ ሐኪም ቤት የሚያድር አስታማሚውን እናስብ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ያ ሳምንት የሠሩት መልካም ሥራ ነበር። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

የለመንኩት ነገር በሕይወት ዘመኔ ባይመጣስ?

ላይመጣ ይችላል። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ አይቶ በ120 ዓመቱ ሳይገባባት ሞተ። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ከአቤል ጀምሮ የአባቶችን እምነት ሲተርክ ቆይቶ እነዚህ ሁሉ አምነው ሞቱ፣ የተሰጣቸውን የተስፋ ቃል አላገኙም፣ ነገር ግን «ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት» ይላል። መሳለም ቅርብ ላለና ለሚወደድ ነገር የሚደረግ ነው፤ እነርሱ ግን ከሩቅ ተሳለሙት። ክርስቲያን እግዚአብሔርን የሚጠብቅበት ጊዜ በመቃብር አፍ አያልቅም፤ ያልቃል ብለን ብንሰብክ ኖሮ ከላይ ከጻፍኩት ብዙው ከንቱ በሆነ ነበር።

ወንድሜ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ አረፈ። የአልዓዛር እኅት ማርታ ስለ ሞተው ወንድሟ ለጌታ «በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ» ያለችውን ቃል በቀብሩ ማግስት ሳነበው መጀመሪያ የታየኝ የእርሷ እምነት አልነበረም፤ አልዓዛርን ሊያስነሣው የመጣው ጌታ ራሱ እንባውን ማፍሰሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ተለውጧል እንጂ አልቆመም። እናታችን አሁንም ስንት ልጆች እንዳሏት ሲጠይቋት «አምስት» ብላ ትመልሳለች፤ አራት ብቻ መሆናችንን የሚያውቅ ጎረቤት ቀና ብሎ ሲያያት ቡናዋን እየቀዳች «አንዱ ቀድሞን ሄዷል» ትላለች።